የጁምዓ እርሻ

ለወንድሜ ለአብዱልከሪም፣ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ? በሬዎቹስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

እዚህ ኦስሎ ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ቁራሽ መሬት ሰጥቶኝ ባቄላ ዘርቻለሁ። መደቤ ጠማማ ነው፤ ብታየው ትስቅብኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ስደውል ሁልጊዜ ስልክህን የምታነሳው ሚስትህ ዘይነብ ናት። «ወንድምህ እርሻ ወርዷል» ትለኛለች። ባለፈው ጁምዓም እንደዚያው አለችኝ። ድምጿ ሰልሏል፤ ጉንፋን ይሆናል ብዬ አልጠየቅኳትም።

«ጁምዓ በሬ አይጠመድም» ብለው አይደል አባታችን ያሳደጉን? አንተማ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሲያርሱ እንኳ ቀንበሩን ሰቅለህ መስጊድ ትሄድ ነበር። ዘንድሮ ዝናቡ አጣድፎህ ይሆናል።

ባቄላው ሲያፈራ ዘሩን እልክልሃለሁ። ብቻ አንድ ቀን ስልኩን አንተው አንሳውና ስለ ጠማማው መደቤ ስደበኝ።

አላህ ዓይንህን ያሳየኝ።

ታናሽህ ጣሂር፣ ከኦስሎ፣ ቬስትሊ ሰፈር