ተቀምጦ መቶ ሃምሳ ስምንት

ጥር 6

የሰባተኛ ክፍሎችን ፈተና አረምኩ። "ጨዋታና ስፖርት በምን ይለያያሉ?" አንዷ ልጅ "ስፖርት ስንሠራ ያልበናል፣ ጨዋታ ላይ ግን አያልበንም" ብላ ጽፋለች። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሜዳ ላይ እየጮህኩ ያስተማርኩት ይሄንኑ አይደል? ካላላበ ስፖርት አይደለም።

ቤት ስገባ ባሌ ገና አልተመለሰም። ምላጭ ዘንድ ነው። ምላጭ ጸጉር አስተካካዩ ነው፤ ምላሱ ከምላጩ ይብሳል ብለው ነው ያወጡለት። የኔው ሰው አውቶቡስ መንዳቱን ትቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከሰዓት በኋላው በሙሉ እዚያ፣ በቆርኪ ዳማ። ተነሥና ትንሽ በእግርህ ሂድ ስለው፣ አስተማሪዋ፣ እኔ ተማሪሽ አይደለሁም ይለኛል።

ጥር 9

በር ላይ ተዝለፈለፈ። ቁልፉን እንደያዘ፣ እጄ ላይ። ላቡ በረዶ ነው። አሁን ሻይ ጠጥቶ ይቀልዳል። እኔ ግን... ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?

ጥር 12

የልብ ሐኪሙ ደረቱ ላይ መቅጃ አሰረለት። አንድ ቀን ሙሉ የልቡን ምት ይመዘግባል። በየሰዓቱ የሠራውን የሚጽፍበት ወረቀትም ሰጡት፤ በተለይ ከባድ ሥራና ስፖርት ከሠራ። ባዶውን ነው የምመልሰው፣ አለ እየሳቀ።

ጥር 14

ክው አልኩ። ሐኪሙ ጣቱን መቅጃው ባወጣው መስመር አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ፣ መቶ ሃምሳ ስምንት። ምቱም ተዛብቷል። ወረቀቱ ላይ በዚያ ሰዓት የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "ተቀምጬ።"

ተቀምጦ እንዲህ የሚሮጥ ልብ የለም፣ አለ ሐኪሙ። ዞሮ እኔን አየ። እኔ ባሌን። ባሌ ጫማውን።

አሥር ሰዓት ላይ የት ነበር? ሴት? በስልሳ አራት ዓመቱ? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያላሰብኩት የለም።

ጥር 15

ምላጭ ዘንድ ሄጄ መቅጃው የታሰረለት ዕለት ባሌ የት እንደነበር ፊት ለፊት ጠየቅኩት። "እትዬ፣ እዚሁ ነበር። ሦስት ቆርኪ ባንድ ጊዜ በላሁበት" አለኝ፣ እንደ ዋዛ። ስንት ሰዓት ላይ? አሥር አለፍ ሲል። የጸጉር መቁረጫው ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። ልማድ ሆኖበት ፎጣ አለበሰኝ።

ዳማ! በሦስት ቆርኪ!

ለምን አልጻፍክም አልኩት ቤት ስገባ። "ስፖርት ከሠራህ ጻፍ ነው ያሉኝ። ዳማ ጨዋታ ነው የምትይው አንቺ አይደለሽ እንዴ?" አለኝ።

ጥር 19

ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠውና ልቡን እስኪያረጋጋው ድረስ ከምላጭ ጋር መጫወት ከለከለው። እንዲህ ያለ ምት አንድ ቀን ይዞት ይሄዳል አለኝ። በዚሁ ቃል።

ምላጭ ሲሰማ ዓይኑ እንባ ሞላ። እየተሸነፍኩ ላጫውተው አለ። የኔው ግን፣ "ሆን ብለህ ስትሸነፍ አውቅብሃለሁ። እሱን ከምታደርግብኝ ግደለኝ" አለው።

ጥር 23

ምሳውን አይነካም። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ወደ ምላጭ ጸጉር ቤት ማየት ብቻ። ከልብ ሕመሙ አድኜ በዚህ ልገድለው ነው?

ጥር 24

እኔ ላጫውትህ አልኩት። ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ። ሐኪሙ መጀመሪያ መቅጃው ታስሮ ይሞከር አለ።

ጥር 26

ሰባ ሁለት።

አምስት ጊዜ ተጫውቶ፣ አምስቴም አሸንፎኝ፣ ሰባ ሁለት። ተኝቶ እንኳ ሰባ ነው። ሐኪሙ ደስ ብሎት፣ እርስዎ መድኃኒት ነዎት፣ በየቀኑ ያጫውቷቸው አለኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ... ለጸጉር አስተካካይ የጋለበ ልብ ለእኔ ንቅንቅ አይልም? "አትቀየሚ። ከሱ ጋር ስፖርት ነው፣ ካንቺ ጋር ጨዋታ" አለኝ ባሌ እየሳቀ።

ተቀየምኩ።

የካቲት 3

ከትምህርት ቤት ስወጣ ምላጭ ዘንድ ጎራ አልኩና አስተምረኝ አልኩት። ለምን? እኔ እንጃ። የልቡ ምት ሰባ ስምንት እንኳ ብትደርስልኝ...

የካቲት 11

ዛሬም ምላጭ ዘንድ። አንዱን ሰጥቶ ሦስት መብላት አሳየኝ። እትዬ፣ እጅዎ ክፉ ነው አለኝ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

እቤት ምንም አላወቀም። ምሳውን እየጨረሰ ነው።

የካቲት 19

በረንዳው ላይ። አሥር ሰዓት አለፍ ሲል። ድንገት አየሁት... አንዱን ሰጥቼ ሦስት የምበላበት፣ ከዚያም ንጉሥ የምገባበት። ምላጭ ያሳየኝ ራሱ። እጄ ሄደ።

ቀና ስል እሱም አይቶታል። ጣቶቹ ጠረጴዛውን ጨብጠዋል። የአንገቱ ደም ሥር ይዘላል። ይሄንኑ አልነበር የተመኘሁት? እንዲህ ደንግጬ አላውቅም፣ በር ላይ የወደቀ ዕለት እንኳ። ምን ነክቶኝ ነው? ባሌን በገዛ እጄ...

ብበላው ልቡ። ብተወውና ቢያውቅብኝ ደግሞ፣ ነገ ምላጭ ዘንድ ነው። ሰሌዳውን እንደማታውቅ ሴት ጆሮዬን እያከክሁ ቆየሁ። ከዚያ ዳር ያለችውን ቆርኪ ገፋሁ።

"ያንን አላየሽውም?" አለኝ።

"የቱን?"

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቁ መጣ። ቆርኪዎቹን መልሶ ደረደረና አንድ በአንድ አስረዳኝ፤ ይቺን ሰጥተሽ፣ ይቺን፣ ይቺን፣ ይቺንም በልተሽ፣ ንጉሥ። ኧረ በእናትህ አልኩት። ገና ነሽ፣ አስተማሪዋ፣ አለኝ።

እጁን አንጓው ላይ ያዝኩ፣ ለፍቅር መስሎት አልነጠቀኝም። ሰባ ስድስት።

ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሜዳ ላይ ለልጆቹ እንደማሳያቸው ሁለት ጣት አንጓዬ ላይ አሳርፌ፣ ሩብ ደቂቃ ቆጥሬ በአራት አባዛሁት። መቶ ሃያ አራት። ቀሚሴ በላብ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ የትም አልሄድኩም። ተቀምጬ።