የመጋል መልእክትና ሁለቱ ሰርቨሮች

ኅዳር 3፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00
ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ እጄን አደራርቄ መጣሁ። ደብተሬ፣ ይህ ሳይጻፍ አይመሽም።

ጎረቤቴ ወ/ሮ አለሚቱ ትናንት በስልኳ የዶሮ ክትባት ጠየቀች፤ ያው በገበሬዎቹ አፕ። ዛሬ ጠዋት የመጣላት ማን ነው? የላም አዳቃዩ። ያንን የኮርማ ዘር የሚይዝበትን የሚጨስ ቀዝቃዛ ዕቃውን ታቅፎ፣ መጋል የት ናት ይላል። አለሚቱ ከዶሮ ቤቷ ደጃፍ ቆማ፣ «ወንድሜ፣ የእኔ ዶሮዎች ባል አላቸው» አለችው። አጥር ተደግፌ ስቄ ስቄ ጎኔን አመመኝ።

ከዚያ ስሙ ትዝ አለኝ። መጋል? ያቺማ የኦቦ ገመቹ ላም ናት! የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ሱሉልታ። ደወልኩ። ላሚቱ ከትናንት ጀምሮ ኮርማ ፈልጋ ስትጮህ፣ እሳቸው ጥሪ ልከው በር በሩን ሲያዩ ነው ያደሩት። አዳቃዩ ከእኛ ሰፈር ከቡራዩ ሱሉልታ በርሮ ሲደርስ ጊዜዋ አልፏል። እንግዲህ ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። ሲያመልጣት ይህ ሁለተኛዋ ነው። ሦስተኛም ካመለጣት ለዚያ ለተጂ ከተማው ከብት ነጋዴ እሸጣታለሁ አሉ። ከጥጃነቷ በእጃቸው ያሳደጓትን! ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ
ሀዊ መጣች፣ የእህቴ ልጅ። የዚያን አፕ ሰርቨር ሰበታ ሆና የምትሠራው እሷ ናት፣ ከሥራ ባልደረባዋ ከታምራት ጋር። ተኳርፈው መጡ፤ ግን በአንድ ታክሲ። (ደብተሬ፣ ይህን ላንተ ማብራራት አያስፈልግም።)

ያስረዱኝ እንዲህ ነው። መልእክት ሲላክ ራስጌው ላይ ርዝመቱ ይጻፋል። የእነሱ አፕ በስህተት ሁለቴ ይጽፋል፤ አንዱ ፊደሉን ይቆጥራል፣ ሌላው ማሽኑ ውስጥ የሚይዘውን ቦታ። በኦሮምኛ ከተጻፈ፣ በላቲኑ ማለት ነው፣ ሁለቱ ቁጥር እኩል ይወጣል። የአማርኛው ፊደል ግን አንዱ ብቻውን የሦስት ፊደል ቦታ ይይዛል። ኦቦ ገመቹ ሁሌ በኦሮምኛ ነው የሚጽፉት። እሑድ ግን አዳቃዩ የደቡብ ልጅ ነው፣ ይቸገራል ብለው፣ ይሉኝታ ይዟቸው በአማርኛ ጻፉ።

በር ላይ ያለው ሰርቨር ትልቁን ቁጥር አምኖ ሁሉንም አሳለፈ። ውስጥ ያለው ትንሹን አምኖ ሲሶውን አነበበና በቃኝ አለ። ሲሶው ምን ነበር? ሰላምታ። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ። ዋናው ጉዳይ ተቆርጦ ቀርቶ ከኋላ በመጣው መልእክት ላይ ተለጠፈ፤ የአለሚቱ ላይ። ጥያቄው የእሳቸው፣ አድራሻው የእሷ ሆነ።

ደንቡስ ምን ይላል አልኳቸው። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ሳትቀበል መልስ ይላል፤ እኩል ከሆኑ ግን ብትቀበልም ብትመልስም እንደ ፈቃድህ ብሎ ትቶታል። ሀዊ ሁሉም ይመለስ ባይ ናት። ታምራት ደግሞ ገበሬው ምን አጠፋ፣ የፈለገውን ገምቶ መቀበል ነው ባይ። «የአንተ ግምት ነው ሰውየውን ዶሮ ቤት የሰደደው» አለችው። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ደጅ ላይ ግን ቆሞ ጠበቃት።

ኅዳር 10፣ ሰኞ
ሀዊ ደንቡን አጠበቀችው። ሁለት ርዝመት የያዘ ሁሉ ይመለሳል። ማለት፣ ሁሉም ሰው። ያውም ድምፅ ሳይሰማ! ላኪው የደረሰለት መስሎት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከመናገሻ ሳይቀር የስልክ እሮሮ። ታምራት፣ ይኸው አሁን ማንም አልተሳሳተም፣ ማንም ጋ የመጣም የለም ብሏታል አሉ። ጨካኝ። ልክ ግን ነው።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ
ሁለቱንም ጠራኋቸው። ሽሮ ሠራሁ። ስንት ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፤ የማውቀውን ነገርኳቸው። ሁለቱ የተለያየ ሲነግሩሽ የወደድሽውን መርጠሽ ብትፈርጂ ቤት ታፈርሻለሽ። ሰምተሽ ዝም ብትይም ታፈርሻለሽ። አልገባኝም፣ ደግማችሁ ንገሩኝ ማለት ነው፤ ቶሎ፣ ጮክ ብሎ።

ሀዊ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አክስቴ፣ ይህን ከሰኞ በፊት ብትነግሪኝ ምን ነበር አለች። ላፕቶፑ ወጣ። ሽሮው ቀዘቀዘ። ቁጥሮቹ እኩል ከሆኑ ያልፋል፣ አፑ በየስልኩ እስኪታደስ። ከተለያዩ ይመለሳል፤ ግን እዚያው በዚያው፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ «አልደረሰንም፤ እባክዎ ይደውሉ» ተብሎ። ሁለቱም ሰርቨሮች በአንድ ደንብ። ታምራት ለካ ሲስቅ ጥርሱ ያምራል።

ኅዳር 24፣ ሰኞ፣ 5፡00
ሱሉልታ ነኝ። መጋል ከንጋት ጀምሮ ትጮሃለች። ኦቦ ገመቹ አሁንም በአማርኛ ጻፉ፤ በኦሮምኛ ቢያደርጉት ብላቸው ሰው አላስቸግርም አሉ። ስልካቸው ወዲያው ጮኸ፤ አልደረሰንም ይላል። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሁለቴ አነበቡት። ተቀየሙ ብዬ ፈራሁ።

«ዝም ከሚለኝ የሚመልሰኝ ይሻላል» አሉና ደወሉ።

አዳቃዩ ሞተሩን አስነሥቶ መጣ። አሁን እጁን እየታጠበ ነው። በጊዜው ደረስኩ አለ። እኔ ደክሞኝ ቁጭ አልኩ፣ የወለድኩ እኔ ይመስል።

ታኅሣሥ 15፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30
እዚሁ ሱሉልታ አደርኩ፣ ጆሮዬን አቁሜ። ትናንት ጸጥ። ዛሬም ጸጥ። ሃያ አንድ ቀኗ ሞልቷል፤ ባይዝላት ኖሮ ትጮህ ነበር። መጋል ታመነዥካለች፣ እኛን ከቁብም ሳትቆጥረን። ሐኪም ሳያያት እርጉዝ ናት አይባልም፤ ኦቦም አላሉም። ግን እኔው ፊት ለተጂው ነጋዴ ደወሉ። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ ልጆቹ፣ መንገዱ... ከዚያ አጭር ነገር፦ መጋል አትሸጥም፣ እንዳትደክም። ስልኩን ኪሳቸው ከተው ድርቆሽ ሊጨምሩላት ወጡ። እያንጎራጎሩ! እኚህ ሰውዬ ሲያንጎራጉሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ለሀዊና ለታምራት በስልክ ላሰማቸው፣ ቆይ ጫማዬን ላድርግ።