የሰፈሩን ፓስዎርድ ከእኔ ጭንቅላት ነጥቀው ለአፕ ላስረከቡት ሊቀመንበራችን

«ፓስዎርዳችሁን ለማንም እንዳትሰጡ፣ ለኢቲቻም ቢሆን» አሉ። እሺ ጋሽ ዋቅጅራ፣ «ለማንም» ካሉ በኋላ እኔን ለብቻ ማንሳት ለምን አስፈለገ? እኔ ማንም ውስጥ አልገባም ወይ? የእድሩ አባል በሙሉ ተሰብስቦ፣ በሜጋፎን፣ ስሜን ነጥለው መጥራትዎ በርግጥ ትልቅ ክብር ነው። በእድራችን ሜጋፎን ስሙ የሚጠራው እስከዛሬ ወይ የሞተ ነው ወይ መዋጮ ያላመጣ፤ እኔ በቁሜ፣ መዋጮዬን ከፍዬ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ተጠራሁ፣ ስለዚህ ከልብ አመሰግናለሁ።

ንዴቴ ቀድሞኝ ሰላምታውን ዘለልኩት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለተከበሩ የላይኛው ፈረንሳይ ለጋሲዮን መረዳጃ እድር ሊቀመንበር፣ ለሰፈራችን አባት ለጋሽ ዋቅጅራ፦ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ አቀበቱን እንዴት ያዘው? ደም ግፊትዎስ? ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው የምለው ለወጉ ብቻ አይደለም። እርስዎ አንዴ ሞተው የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ምኞቱ ከሌላው ይልቅ ለእርስዎ ያስፈልጋል፣ እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ። እርስዎ በአደባባይ ስለተናገሩኝ እኔም በአደባባይ ልመልስ ብዬ ይቺን ደብዳቤ ሱቄ በር ላይ ለጥፌያለሁ፣ የሰፈሩ ግሩፕ ላይም ለቅቄያለሁ።

የማያውቀኝ ካለ፣ ይኖራል ብዬ ባላስብም፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለው ሰማያዊ ኮንቴነር የእኔ ነው። ከዚህ እስከ ካራ ስክሪን የሰበረ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልፈለገኝም፣ እኔም አልለመንኩትም፤ ግን ውሃ ውስጥ የገባ ስልክ አስነስቼ ባለቤቱ አልቅሶ ስሞኛል፣ ያውም ሩዝ ውስጥ ሳልቀብር። አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ፣ ስነ ሥርዓት ስለምወድ በቁጥር ነው።

አንደኛ። የዚህ ሰፈር ፓስዎርድ በሙሉ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። እትዬ ታደለች ፌስቡካቸው እምቢ ሲላቸው «ኢቲቻ፣ እኔ ማን ነበርኩ?» ብለው ይመጣሉ፣ እኔ ቻርጀር እየበየድኩ ቀና ሳልል እነግራቸዋለሁ። ማስታወሱ ደሞ ለእኔ አይነት ጭንቅላት ምንም አይደለም፣ ምክንያቱም ሰዉ ሁሉ ፓስዎርድ አውጣ ሲሉት የክርስትና ስሙን ነው የሚሰጠኝ። ማንም የማያውቀው ስም ነው ብሎ! ግማሹ የሰፈሩ ሴት ወለተ ማርያም፣ ግማሹ ወለተ ጊዮርጊስ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር ጣል ማድረግ ነው። ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን ደሞ ከእነ ቤተሰባቸው ሃሌሉያ ናቸው። ይሄንን ሁሉ ዓመት በነፃ ተሸክሜ ስኖር አንድ ቀን «ተመስገን፣ ኢቲቻ አለ» ተብዬ በሜጋፎን አልተጠራሁም። ስለ ዝምታዎ አመሰግናለሁ፣ ትህትና አስተምሮኛል።

ሁለተኛ። ስለ ሞትዎ። ሰፈሩ ያውቀዋል፣ ግን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የእድራችን ፔጅ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ሊቀመንበራችን ጋሽ ዋቅጅራ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል» የሚል ወጣ። እርስዎ ካራ ወንድምዎ ጋ አድረው፣ ስልክዎ ባትሪ ጨርሶ፣ ወሬው አልደረሰዎትም። ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ሴቶቹ ደረት መምታት ጀመሩ። እርስዎ ከታክሲ ወርደው ድንኳኑን ሲያዩ ማን ሞተ ብለው እንኳን ሳይጠይቁ፣ በሊቀመንበርነትዎ፣ ገመዱ ጠማማ ነው የታሰረው ብለው ልጆቹን ተቆጡ፣ ኮትዎን አውልቀው በራስዎ ለቅሶ ላይ ወንበር ተሸከሙ። እንዲህ አይነት ለሥራ ያለ ፍቅር የትም አላየሁም፣ በእውነት።

ፔጁ ላይ ገብቶ ሞትዎን የለጠፈው ሌባ እስከዛሬ አልታወቀም፣ እንዴት እንደገባ ግን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የፔጁ ፓስዎርድ የእርስዎ የክርስትና ስም ነበር። ያን ስም ደሞ ከዚያ ቅዳሜ አንድ ወር ቀደም ብሎ እንጦጦ ራጉኤል በድምፅ ማጉያ «አባታችን እከሌ ምንጣፍ አስገብተዋል» ተብሎ ስለትዎ ሲነገር ተራራው በሙሉ ሰምቶታል፤ ምንጣፉን ደሞ በራስዎ ትከሻ ተሸክመው አቀበቱን ሲወጡ ተራራው በሙሉ አይቶዎታል። ከዚህ በኋላ ጣቱ ሁሉ ወደ እኔ! እኔ ብሆን ኖሮ ድንኳኑ የኮንቴነሬን በር ዘግቶ እንዲተከል አደርግ ነበር? ድንኳኑ እስኪነሳ ደንበኛ ሁሉ መግቢያ አጣ። ጥርጣሬዎትን በአይንዎ ብቻ ገልጸው በአፍዎ ባለመናገርዎ አመሰግናለሁ፣ አይንዎ ግን ሜጋፎን አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ልጅዎን ፌበንን ስለሚመለከት ወደ መጨረሻ ገፍቼዋለሁ። ለሱ መጀመሪያ ትንሽ መረጋጋት አለብኝ።

አራተኛ። የሰፈራችን የኮምፒውተር ባለሙያ ሙክታር። ምን ልበል? የተማረ ነው፣ ጨዋ ነው፣ የመሥሪያ ቤቱን ባጅ እሁድ እንኳ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ ሲያስል ራሱ በእንግሊዝኛ ነው። ከሞትዎ በኋላ ስብሰባ ጠርተው እሱን መድረክ ላይ አወጡት፣ እሱም ፓስዎርድ ማኔጀር የሚባል አፕ አመጣ። ካዝና በሉት አለ። ለእያንዳንዱ ነገር የተለያየ፣ ሰው ሊገምተው የማይችል ረጅም ፓስዎርድ አፑ ራሱ ያወጣል፣ ራሱ ያስታውሳል፤ እናንተ የምትይዙት ካዝናውን የሚከፍተውን አንዱን ዋና ፓስዎርድ ብቻ ነው፣ እሱም የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት ይሁን አለ። ሰዉ አጨበጨበ! እትዬ ታደለች እልል አሉ! እኔ እኮ ያን ሁሉ ዓመት ያለ ባትሪ፣ ያለ ኔትወርክ፣ ያለ አፕዴት ካዝና ነበርኩ፣ ማን አጨበጨበልኝ?

አምስተኛ። አፑን ጭኜዋለሁ። እንዳይሳሳቱ፣ የጫንኩት ጠላቴን ላጠናው ብዬ ነው። እና ላጠናው ቁጭ ስል፣ ሙክታር በሁለት አረፍተ ነገር ያለፈውን እኔ በደንብ መረመርኩት። የትኛውን እንምረጥ ብለው ሰዎች ሲጠይቁት «የምትወዱትን» ብሎ አለፈ፣ ተማሪ ቤት የሚያስተምሩት ይሄንን ነው? አንዱ እኮ ኔት ሲጠፋ አይከፈትም፤ ሰፈራችን ላይ መብራትና ኔት ተነጋግረው እንደሚጠፉ ማን አያውቅም? አንዱ አሮጌ ስልክ ላይ አይሰራም። አንዱን ማን እንደሰራው አይታወቅም፣ ከተሰራ ጀምሮ አልታደሰም። እትዬ ታደለች ደሞ ሰው ቴሌግራም ላይ የላከላቸውን ፋይል «አፑ ይሄ ነው» ብለው ሊጭኑ ሲሉ ስልኩን ከእጃቸው የቀማሁት እኔ ነኝ፤ ከትክክለኛው የአፕ መደብር አውርጄ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫውን አብርቼ፣ ዋናውን ፓስዎርድ ሲጽፉ ፊቴን ወደ እንጦጦ አዙሬ ቆምኩ። ፊቴን አዞርኩ፣ ጋሽ ዋቅጅራ! ዕድሜ ልኬን ያላደረግኩትን። እሳቸው ምስክር ናቸው።

እውነቱን ልናገርና፣ ነገርዬው ይሰራል። ባለፈው ሌቦች የውሸት የባንክ ገጽ ላኩብኝ፣ መልኩ ቁርጥ እውነተኛው፣ እኔ ራሴ ልሸወድ ነበር። አፑ ግን ፓስዎርዱን አልሞላም አለ፤ አድራሻው ሌላ ነውና አላወቀውም። ዝም ብሎ፣ ጉራ ሳይነዛ፣ እምቢ። ያን ጊዜ በጣም ነው የቀናሁበት። እኔ ብሆን መጀመሪያ ለሰፈሩ አወራው ነበር።

አሁን ሦስተኛ። ፌበን ልጅዎ የእድሩ ጸሐፊ ናት፣ ልጅዎ መሆኗ ከምርጫው ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ እመሰክራለሁ። ፌበን የእድሩን ኢሜል ፓስዎርድ አርብ አርብ ትረሳ ነበር። ሌላ ቀን አትረሳም፣ አርብ ብቻ። ኮንቴነሬ ትመጣለች፣ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፣ «ኢቲቾ፣ ዛሬም ጠፋብኝ» ትላለች፣ እኔ በአንድ ደቂቃ የሚሰራውን ነገር እስከ ምሳ ሰዓት አስረዝመዋለሁ። ስትስቅ የብየዳ ጭሱ ራሱ ይሸሻል። ቀላል ፓስዎርድ ላወጣላት እችል ነበር፣ ግን ሆን ብዬ ከባድ ከባዱን ነበር የማወጣላት፤ ለእድሩ ደህንነት ብዬ እንደሆነ ይገባዎታል።

እርስዎ ያመጡት አፕ ግን አይረሳም። አርብ መጣ፣ ፌበን አልመጣችም። በሚቀጥለውም። ቅዳሜ ግን የእድሩ ቢሮ ውስጥ ከሙክታር ጋር «ስልጠና» አለ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም ከኮንቴነሬ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጠዋት ጠዋት ደሞ ባለባጁ ወደ እንጦጦ ሲሮጥ እሷም መሮጥ ጀምራለች፤ ለአንድ ፌርማታ ታክሲ ስትጠብቅ የነበረች ልጅ! እኔ እዚያ ተራራ ላይ የማላውቀው ባህር ዛፍ የለም፣ እንሩጥ ብሎ የጠየቀኝ አለ? የለም። ለልጅዎ ጤና ስላሰቡ አመሰግናለሁ።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። አፑ ውስጥ አንዲት ቦታ አለች፤ አንድ ቀን ብትታመም፣ አንድ ነገር ብትሆን፣ ካዝናህን እንዲከፍት የምታምነውን የአንድ ሰው ስም የምታስገባባት። ሙክታር ሁላችሁም ሙሉ አለ። እርስዎ ስልጠናው ላይ ልጅዎ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፣ «ፌበን ሳታመነታ ሞላች» ብለው ለእትዬ ታደለች በኩራት ነግረዋቸዋል። የማንን ስም እንደሆነ ግን አልነገሯቸውም። እኔ ያልጠየቅኳቸው እንዳይመስልዎ።

እንግዲህ ጊዜዎትን ስላባከንኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እድራችንን ከኢቲቻ ጭንቅላት አደጋ ስላዳኑልን እያመሰገንኩ፣ ድንኳኑ ለእርስዎ ዳግመኛ በውሸት እንዳይተከል፣ በእውነትም ቶሎ እንዳይተከል፣ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ የሰፈሩ የቀድሞ ካዝና፣ የአሁኑ ባዶ ጭንቅላት፣ መዋጮ ያላጓደለው አባልዎ፤

ኢቲቻ፣ ከሰማያዊው ኮንቴነር

ማሳሰቢያ። ስብሰባው ላይ «ፓስዎርድ እንደዚህ ነው የሚረዝም፣ የእኔን ምሳሌ ውሰዱ!» ብለው አዲሱን ዋና ፓስዎርድዎን አራቱንም ቃል በሜጋፎን ያሰሙን ነገር፣ ከታች ያሉት ሴት ልጆች ገመድ የሚዘሉት አሁን በሱ ነው። «ጉማሬ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ሁለት ጊዜ ይዘላሉ። ሌሎቹን ቃላት እዚህ አልጽፋቸውም፣ እኔ ሰው እንደሚያስበው አይደለሁም። ዛሬውኑ ይቀይሩት፣ ሲቀይሩ ደሞ ለማንም አይንገሩ፣ ለሊቀመንበሩም ቢሆን።

እኔም ያቺን ቦታ ሞልቻለሁ። ፌበን ብዬ። ስሟ አጠገብ እስከ አሁን «መልስ በመጠበቅ ላይ» ይላል። እሷ የሞላችው ሰው ደሞ ግብዣው በኢሜል ይደርሰዋል ይላሉ፤ ለእኔ የደረሰ ነገር የለም፣ ግን የዚህን ሰፈር ኔትወርክ ያውቁታል። ስለዚህ እርስዎን እጠይቃለሁ፦ የማንን ስም ነው የጻፈችው? ሙክታር ከሆነ በጆሮዬ ይንገሩኝ። እኔ ከሆንኩ በሜጋፎን። ማብራሪያ አያስፈልግም፣ ስሙን ብቻ፣ ዛሬ ሱቅ ሳልዘጋ።