ለፊልም እናቶች ያዋስኩት ድምፅ

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለማልቲ። ጤናሽ እንዴት ነው? ትንሿ ልጅሽ ጉድያስ? የአማትሽ ጉልበት ተሻላቸው ወይ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ስልክሽን ባልሽ ብሪጄሽ ስለቀማሽ ይህን በመንደራችሁ መምህርት እጅ ልኬልሻለሁ፤ ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በሂንዲ ፊልም ለሚታዩ እናቶች ድምፄን ሳውስ ኖርኩ። የእናት ሥራ ሁለት ነበር፤ ማልቀስና "ቻይው ልጄ" ማለት። ድምፅ ቀጂው ሙስታቅ "እትዬ ኩሱም እኮ ሲያስነጥሳቸውም ያለቅሳሉ" እያለ ይቀልድብኛል። አሁን አሁን በፊልሙ ወጣቶቹ ሴቶች ይከራከራሉ፣ ሻንጣቸውን ያነሳሉ። እናቶቹ ግን ገና አልተለወጡም ነበር።

ባለፈው ሳምንት የአንድ አዲስ ፊልም ድምፅ ስንቀዳ፣ ልጅቱ ፊቷ አብጦ የእናቷን በር ታንኳኳለች። እኔም ወረቀቱን ሳላይ፣ አፌ እንደለመደው "ሴት ባሏ ቤት ሙሽራ ሆና በሸክም ትገባለች፤ ሬሳ ሆና በሸክም ትወጣለች" አልኩ። አዘጋጇ ኢሻኒ፣ ልጅ እግር ናት፣ አስቆመችኝ። "እትዬ፣ ይሄ ደግሞ የት ተጻፈ? እስኪ ወረቀቱን ይዩት" አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው "ግቢ። እራት በልተሻል?" ብቻ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሬ አልወጣልኝ አለ። ሙስታቅም መቀለዱን ተወ።

ለምን እንዳቃተኝ አላጣሁትም። በሆሊ በዓል ማግስት የጎረቤት ስልክ ለምነሽ "ጥርሴን ሰበረው፣ ልምጣ?" ስትዪኝ፣ ያንኑ አባባል ነው የመለስኩልሽ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እናትሽ እኔ ነበርኩ። አንቺም "እሺ እታለም" ብለሽ ዘጋሽው። የመከርኩሽ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለፊልም የማለቅሰውን ነው የደገምኩልሽ! አፍሬያለሁ፣ ይቅር በዪኝ። በአሥራ ሁለተኛው ሙከራ ግን፣ በሩ ላይ የቆምሽው አንቺ ነሽ ብዬ ተናገርኩት፤ ተቀዳ።

ስለዚህ ማልቲዬ፣ ጉድያን ይዘሽ፣ ማንንም ሳታስፈቅጂ ተነሺ። መምህርቷን አነጋግሬያታለሁ፤ እስከ ባቡሩ ትሸኝሻለች። ቤቴ አንድ ክፍል ናት፣ ለሦስታችን ትበቃለች። ሰው ምን ይለኛል ብለሽ እንዳትቀሪ፤ ያለውን ይበል።

ጉድያን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለአማትሽ ጤና ይስጥልኝ፣ እሳቸው ክፉ አይደሉም። መምህርቷን ፈጣሪ ውለታዋን ይክፈላት። ለብሪጄሽ ሰላምታ አልላክሁም።

እህትሽ ኩሱም
ሙምባይ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 2019