ሮጠው የተመለሱት

መጋቢት 29 ቀን 1978፣ ደብረ ታቦር
ጠመኔ አለቀ። ፊዚክሱን በቃል አስተማርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ኋላ ያሉት ምንም አልሰሙም።
የሁለተኛ ዲግሪው መግቢያ የቃል ፈተና ግንቦት ላይ ነው፣ አዲስ አበባ። አምና ወድቄያለሁ… ዘንድሮም ያንኑ ቢጠይቁኝስ?

ሚያዝያ 6
የፈታኙ የዶክተር ካሳሁን ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። «የአቶሞችን እንቅስቃሴ ለማየት ክሪስታሉን በኤሌክትሮኖች እንመታለን። ሁሉም ባንዴ መድረስ አለባቸው። ግን እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ የፊቶቹ ይፈጥናሉ፣ የኋለኞቹ ይዘገያሉ። ተበታትነው ከደረሱ ምስሉ ይደበዝዛል። እንዴት ትሰበስቢያቸዋለሽ?»
አምና የጣለኝ ይኸው ነው።

ሚያዝያ 8
ሁለት ገጽ አሰላሁ፣ ሁለቱንም ቀደድኩ።

ሚያዝያ 14
የስፖርት መምህሩ ደምሴ ለላብ አደሮች ቀን ውድድር ልጆቹን በጋፋት መንገድ አስሮጠ። እኔ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ጎበዞቹ ራቁ፣ ደካሞቹ እዚሁ ቅርብ ቀሩ። በረዶ መጣል ሲጀምር ደምሴ ፊሽካ ነፋ። ሁሉም ባሉበት ዞረው ተመለሱ… በሩ ላይ ባንዴ ደርሰው ተጨናነቁ። ጎበዞቹ የሚመለሱበት መንገድ ረዝሞባቸው ነዋ!
«ማሬ፣ በሩን ክፈቺው እንጂ» አለኝ ደምሴ። ለካ ይዤው ቆሜያለሁ።
ኤሌክትሮኖቹንስ ማን ያዞራቸዋል?

ሚያዝያ 17
የኤሌክትሪክ መስክ! እንደ ዳገት ነው፤ ኤሌክትሮኑ ይወጣል፣ ይደክማል፣ ይመለሳል። ፈጣኑ ርቆ ስለሚወጣ ዘግይቶ ይመለሳል። ዘገምተኛው ቶሎ ይመለስና ይቀድመዋል፤ ፈጣኑ በመንገድ ላይ ይደርስበታል። ሦስት ጊዜ አሰላሁት። ልክ ነው… ይመስለኛል።

ግንቦት 21
ትናንት ተፈተንኩ። ዳገቱን ሰሌዳው ላይ ሣልኩ። ዶክተር ካሳሁን ሰሌዳውን ብዙ አዩት።
«ከዳገቱ ከወረዱ በኋላ መንገዱ ቢረዝምስ?»
«ፈጣኖቹ ከኋላ መጥተው ያልፉና እንደገና ይበተናሉ። ክሪስታሉን የሚገናኙበት ላይ ነው የማስቀምጠው።»
«ይህን ከየት አገኘሽው?»
«ከስፖርት መምህራችን» አልኩ። ሳቁ።

ሐምሌ 2
አለፍኩ። ደምሴ፣ «የኔ ሩጫ ነው ዩኒቨርሲቲ ያስገባሽ?» ብሎ አላመነኝም። እናቴ ጋቢ እየፈተለችልኝ ነው። ለብርዱ።

ጥቅምት 4 ቀን 1979፣ አራት ኪሎ
ዛሬ አብራኝ የምትማረው አልማዝ ሰሌዳው ላይ የሣልኩትን አልተቀበለችም። «ዳገቱ ውስጥም እኮ ይገፋፋሉ፤ ያንን አላሰብሽውም» አለች። እውነቷን ነው። እስከ ምሳ ተከራከርን። ደብረ ታቦር ሳለሁ ይህን ከማን ጋር አወራው ነበር?
ነገ ስሌቷን ይዛ ትመጣለች። ሐሳቤን ልትጥለው ትችላለች… ቶሎ በነጋ።