ጃንጥላው የማን እንደነበር

ለዘሀራዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቤታችን ደኅና ነው፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ዛሬም ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል። ከወንበሬ እነሣለሁ፣ ሳሎኑን እዞራለሁ፣ ተመልሼ ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ጽሑፎቼን አወጣበት የነበረው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ አንድ ጠዋት ያለ ማስጠንቀቂያ ተዘጋብኝ። ለማን አቤት እንደሚባል እንኳ አላወቅሁም። አየር ማረፊያው ካርጎ ክፍል የምትሠራው ልጃችን ለይላ የዕረፍት ቀኖቿን ሠውታ የራሴን ብሎግ ሠራችልኝ። ነገሩ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ ራሱን የቻለ አንድ ፋይል ሆኖ እንደ ታተመ ወረቀት ይቀመጣል፤ አንባቢ ሲመጣ እንዳለ ይታየዋል። ወጪው በዓመት አንዴ ለብሎጉ የኢንተርኔት ስም የሚከፈል ጥቂት ብር ነው። ቅጂው በእጄ ስላለ፣ የሚያስቀምጥልኝ ድርጅት ቢያስከፋኝ ወደ ሌላ አዛውረዋለሁ። አስተያየት መስጫ አይኑረው ያልሁት እኔ ነኝ፤ ስድብ ሰልችቶኝ።

የመጀመሪያው ገጽ ስለ ተዋወቅንበት ቀን ነው። ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዡ ደጃፍ ታክሲ ስንጠብቅ ዝናቡ ወረደ፤ ጃንጥላዬን ዘረጋሁልሽ። እንዲህ ብዬ ጻፍሁና ብሎጉ ላይ ጫንሁት። ወዲያው ዕረፍት አጣሁ። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ፣ እንግዳ ፊት ሳይቀር፣ ጃንጥላው ያንቺ እንደነበረና እኔ ሳልጋበዝ እንደ ገባሁበት ስትናገሪ ኖረሻል። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ የእኔ እንደነበር አምናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቦታውን ላየው ሄድሁ። ጋራዡ የለም፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተነጥፎበታል። የሚመሰክር አንድ ድንጋይ አልቀረም። የቀረው ያ ገጽ ነው፤ በእርሱ ላይ ደግሞ የማዝበት እኔ ብቻ ነኝ። የተመኘሁት ይህንኑ ነበር፤ ሳገኘው ጨነቀኝ። ከጓዳ ብቅ ብሎ «እንዲህ አልነበረም» የሚለኝ ሰው የለም።

ስለዚህ ጃንጥላው ያንቺ ነበር ብዬ ገጹን ቀየርሁት። በማግሥቱ መለስሁት። ለታክሲ ተሰልፌ እንኳ ስልኬን አውጥቼ አነበዋለሁ፤ ቤት ስገባ ደግሞ እንደገና ለውጬ እጭነዋለሁ። ለይላ ስትታዘበኝ ቆይታ ትናንት፣ «አባባ፣ ይኼን ያህል ጊዜ የተዘረጋና የታጠፈ ጃንጥላ እኮ እስካሁን ይቀደድ ነበር» አለችኝ። ቁርጥ አንቺን መሰለችኝ።

ሣቅሁ። ከዚያም ተቀምጬ ጻፍሁ። ያንቺን አስቀደምሁ፤ አንቺ በምትተርኪበት አኳኋን፣ ሳልጋበዝ መግባቴን፣ ትከሻሽን በዝናብ ማስመታቴን ሳይቀር። የእኔን ከሥሩ አደረግሁ። ማን ልክ እንደሆነ አልፈረድሁም።

ገጹን ከእንግዲህ አልነካውም። የብሎጉን ስም በየዓመቱ አሳድሳለሁ፤ ከእኔ በኋላም ለይላ ልታሳድሰው ቃል ገብታልኛለች። አላህ ማረፊያሽን ጀነት ያድርገው። አልረሳሽም ስልሽ፣ ክርክራችንን አላቋርጥም ማለቴ ነው። አሁን ዝናቡ ጀምሯል፤ ልወጣ ነው፣ ጃንጥላዬን ይዤ።