ዘሃራ የለጠፈቻቸው ምስሎች

ሰኞ፣ ጥር 4፣ ጠዋት 2፡30

ሱቅ ከፈትኩ። ጀነሬተሩ ተነሳ። ኮምፒውተሩን (ኮ/ሩን) ሳበራ ክው አልኩ። ምስሎቹ የሉም። የሩዝ ጆንያዋ የለችም፣ ፍየሏ የለችም፣ የዘሃራ አረንጓዴ ሻርፕ የለም። በቦታቸው ሰማያዊና ነጭ ነገር ተደርድሯል፤ ለኔ ሁሉም አንድ ነው።

አንተ ደብተር፣ አታውቅምና ልንገርህ። እንግሊዝኛ አላነብም። ኮ/ር ወደዚህ ሱቅ ያስገባችው ሚስቴ ዘሃራ ናት። እንዳልቸገር ብላ የየፕሮግራሙን ምስል ቀየረችልኝ። ሽያጩ ጆንያ። ማተሚያው ፍየል፤ ሲሠራ እንደ ፍየል ስለሚጮህ። ከሷ ጋር የምንደዋወልበት ደግሞ የራሷ ሻርፕ። ልትወልድ ኮምቦልቻ እናቷ ዘንድ ከሄደች ሰባት ወር። አርባ ቀኔ ሲሞላ እመጣለሁ ብላ ነበር። ልጁ አምስት ወሩ። ትመጣለች? እንጃ።

የነካው ዴንግ ነው። ቅዳሜ «አደስኩልህ» ብሎኝ ነበር። አደሰልኝ!

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ዴንግ መጣ። ጋምቤላ ያደገ፣ እዚሁ ጁባ፣ ካቶር ሰፈር ኮ/ር የሚጠግን ሰው ነው፤ አማርኛው ከኔ ይሻላል። ጮህኩበት። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ሰዒዶ፤ ፋይሎችህ አሉ። የጠፋው ምስል ብቻ ነው» ይለኛል። ምስል ብቻ! ኋላ ግን ምስል የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ጫነልኝ፣ አሠራሩን አሳየኝ፣ የቀረውን እንዳትነካ አለኝ። ሻይም ሳይጠጣ ሄደ። ተቀየመኝ መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 6፣ ቀን 8 ሰዓት

ጆንያዋ ተመለሰች! ሦስት ሰዓት ፈጀ። ጆንያውን በስልኬ አነሳሁት፤ ፕሮግራሙ ቆርጦ ያሳንሰዋል። መጀመሪያ አውራ ጣቴ አብሮ ገባ። እንደገና አነሳሁ። ደንበኛዬ በሩ ላይ ቆማ «ያ ሰዒድ፣ ወይን ዜት?» እያለች ዘይቷን ትጠይቃለች፤ እኔ የለሁም።

ለዘ. ደወልኩ። (ስሟን ላሳጥረው፤ ሙሉውን ስጽፍ ሆዴ ይባባል።) የአውራ ጣቴን ነገር ነገርኳት፣ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ሙቀቱን ስንኳ ረሳሁት። መቼ ትመጫለሽ አልኳት። ልጁ ጉንፋን ይዞታል አለች። ባለፈው ወር ሰበቡ ክትባት ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 8፣ ከጁምዓ መልስ

ፍየል ፍለጋ። በጀበል ኩጁር መንገድ አንዷን ሳነሳ ባለቤቷ ሊሸጥልኝ ዋጋ ጠራ። ለፎቶ ነው ስለው እንደ እብድ አየኝ። እብድስ ብሆን? ብቻ ፍየሏ አሁን ማተሚያው ላይ ናት።

ሻርፑ ቀረ። ለብሳው ነው የሄደችው። እሱን ለብሳ ያነሳኋት ፎቶ ስልኬ ውስጥ ፈለግኩ። አንድ የለም። ሁሌ የምታነሳው እሷ፣ ሁሌ የምነሳው እኔ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የራሴን ፊት ሳይ ዋልኩ።

ናፈቀችኝ። ሌላ ምን ይባላል።

ሰኞ፣ ጥር 11፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ሻርፑን ከዘ. ፎልደሮች ልፈልግ ብዬ በዚያ ፕሮግራም ገባሁ። አትንካ የተባልኩትን ነካሁ። በፎልደሮቿ መሃል አንድ ደብዛዛ ብቅ አለ። ዴንግ ጋ ደወልኩ፤ ቂም አልያዘም። የተደበቀ ነው፣ ባለቤቱ «አይታይ» ብሎ ያዘዘው ነው አለኝ።

ክፉ ክፉውን አሰብኩ፣ አልዋሽህም። ከፈትኩት።

የሱቅ ፎቶ፣ ከአገር አስልካው መሰለኝ። የኮምቦልቻ ሱቅ፣ ከእናቷ ቤት ጎን ያለው፣ ተዘግቶ የኖረው። በሩ፣ ጣሪያው፣ ባዶ መደርደሪያው። ወረቀት ላይ በእጇ የሣለችውም አለ፤ እዚህ ሩዝ፣ እዚህ ዘይት፣ እዚህ ስኳር። ጥግ ላይ «የሰዒድ ወንበር» ይላል። ቀኑን አየሁ። ያምና ጥቅምት። ገና ሳታረግዝ።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ተናድጄ ዋልኩ። ከባሏ ደብቃ! አሁን ግን ትዝ እያለኝ ነው። ያኔ ሁለት ሦስቴ፣ ሰዒድ አገራችን እንግባ ብላኛለች። ይሄ ጭነት ይግባና አልኳት። ጭነት መቼ አልቆ ያውቃል? ከዚያ ዝም አለች። ዝምታዋን እሺታ አደረግኩት፤ ለኔ የሚመቸኝ እሱ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 12፣ ከዙህር ሶላት በኋላ

ደወልኩ። አየሁት አልኳት። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ገባት። ብታየው እንጣላለን ብዬ ነው የደበቅኩት አለች። ሱቁ አለ ወይ አልኩ። የለም፣ ተከራይቷል፣ ዳቦ ቤት ሆኗል።

ከዚያ የሆዷን ዘረገፈችው። ጉንፋኑም ክትባቱም እውነት ነው፤ ግን ባይኖሩም አልመጣም ነበር። ልጄን ይዤ ጁባ አልመለስም። ሻንጣዬን ስዘጋ አውቄዋለሁ፤ አንተን ፈርቼ ነው ያልነገርኩህ። ፈርቼ አለች! እኔን። አለቀሰች። እኔም... ተወው።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ደንበኛ ብዙ። ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ፣ ጥር 14፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ቡሉክ ሰፈር ያለው ታላቅ ወንድሜ ይማም ጋ ደወልኩ። ሱቁን ተረከበኝ አልኩት። አበድክ እንዴ አለኝ። ጭነቱ መንገድ ላይ ነው፣ እስኪገባ ታገስ፣ ሴት ልጅ ስትቆይ ራሷ ትመጣለች አለኝ። አትመጣም አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ካልኩት እሞታለሁ ስል ኖሬ፣ ለካ አልሞትኩም።

ስልኩን ዘግቼ ስኳር አወረድኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ያነሳሁትን ሁሉ ሚዛን ሳልጠይቅ ኪሎውን እነግርሃለሁ፤ ገበያው ሁሉ ያውቀኛል፣ እየተወራረዱብኝ ይስቃሉ። የልጄን አላውቅም። አምስት ወሩ ነው፣ አንስቼው አላውቅም።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ እሄዳለሁ።